የአያ ጅቦ ጥሪ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በአዲስ አበባ ልደታ፣ እንስሳት ተሳስበው የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። ቤቶቹ የጭቃ፣ አጥሮቹ ተደጋግፈው የቆሙ ነበሩ። ቡና በየተራ ይፈላል። ግንቦት 1 ቀን፣ የልደታ ዕለት፣ እናቶች ንፍሮ ቀቅለው፣ ደጅ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ ያቀምሱ ነበር። በዚያ ሰፈር ተጠርቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ጫጩት ከቅርፊቷ ወጥታ መጀመሪያ የምትማረው፣ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለትን ነበር።

ከጊዜ በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ። በቦታው ኮንዶሚኒየም ቆመ፤ በ2008 ዓ.ም. ባቡር ያልፍበት ጀመር። ከጎረቤቶቹ ገሚሱ ወደ ከተማው ዳር ሄደ፣ ገሚሱ ፎቅ ለፎቅ ተደራርቦ ቀረ። ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ተጣርቶ መሰማማት ስላልተቻለ ሁሉም ስልክ ያዘ። ስልክ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ሽቦው ከአዲስ አበባ ሐረር ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ያን ጊዜ የሚነጋገሩበት ግን ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ነበሩ። አሁን ከመርካቶ ሸክም የሚያመላልሰው ጋሽ አህያ እንኳ ስልክ አለው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ደግሞ የመቀነት ብር ሁሉ ስልክ ውስጥ ገባ።

አያ ጅቦ ይህን ከጉድጓዱ ሆኖ ያያል። ድሮ ለመብላት ሌሊት መውጣት፣ አጥር መዝለል፣ ውሻ መሸሽ ነበረበት። አሁን እያንዳንዱ እንስሳ ስሙንም ብሩንም አንድ ቦታ አስቀምጦለታል። ማር ላሰ፤ ድምፁ ለዘበ። ስልክ ገዝቶ ደወለ።

«ሃሎ፣ ጋሽ አህያ ነዎት?»

«አቤት።»

«ከስልክ ማማው ነው የምንደውለው። ታማኝ ደንበኛችን ስለሆኑ ልዩ ጥቅል ደርሶዎታል። ምንም አይከፍሉም። እሺ ይበሉኝ ብቻ።»

ጋሽ አህያ ጀርባው ላይ ኩንታል ጤፍ ተጭኖ ዳገት እየወጣ ነበር። በትሕትና ያነጋገረውን ማስቀየም አልፈለገም። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

በማግስቱ ከካርዱ ሁለት ብር ተቆረጠ። በሦስተኛውም ቀን ሁለት ብር። በየማለዳው ስልኩ ጢር ይልና መልእክት ይገባለታል፤ አንድ ቀን ስለ ፀጉር አያያዝ፣ አንድ ቀን ስለ አውሮፓ እግር ኳስ። ጋሽ አህያ ማንበብ አይችልም። ማማው ሥር ሄዶ አቤት ቢል፣ «እኛ መንገዱን ነው ያከራየነው፤ እሺ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ማቆም ከፈለጉ መልእክት ይላኩ» አሉት። ለመላክ ካርድ መሙላት ነበረበት። በሞላ ቁጥር ቀድሞ ይበላል።

ወሬው ተዛመተ። ጎረቤቱ ሁሉ «እሺ» ማለት አቆመ። «ቡና ጠጡ» ሲባሉ ራስ መነቅነቅ ጀመሩ።

አያ ጅቦ እሺ የሚለው ቢያጣ «አቤት»ን እንደ እሺ ቆጠረው። እትዬ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ሳለ ስሟ ቢጠራ «አቤት» አለች፤ ሁለት ዓመት የሚከፈልበት ውል ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቶች ጫጩቶቻቸውን «ስትጠሩ አቤት እንዳትሉ!» እያሉ መቆጣት ያዙ። ተጠርታ ዝም ያለች ጫጩት ጥሬ ተሸለመች።

አያ ጅቦም «ዝምታ መስማማት ነው» አለ። ፍየል ስልኩን አንስታ ትንፋሿን ውጣ ብትጠብቅ ተመዘገበች። ድመት አስነጥሷት ተመዘገበች። በግ ጠባቂው ውሻ ጭራሽ አላነሳም። «ሚስኮላችንን አይተው አለመደወልዎ ጊዜ ቢያጥርዎት ነው» የሚል መልእክት ደረሰው፤ «ጊዜ ላጠረው የሚሆን ጥቅል አስገብተንልዎታል።»

በመጨረሻ ጋሽ አህያ የሰፈሩን አቤቱታ ይዞ ልደታ ፍርድ ቤት ሄደ። ከኮንዶሚኒየሙ በእግር የሚደረስ ነው። ችሎቱን የያዙት ዳኛ ዔሊ ነበሩ፤ ረጋ ብለው የሚሰሙ፣ ክፋት የሌለባቸው ዳኛ። ለከሳሾች ጦጢት ቆመች፣ ለአያ ጅቦ ቀበሮ።

ጦጢት የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጠች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አንቀጽ 1682 ዝም ማለት መቀበል እንዳልሆነ ይደነግጋል» አለች።

ቀበሮ ተነሣ። «አንቀጽ 1684ስ? የቆየ የሥራ ግንኙነት ባላቸው መካከል ዝምታ መቀበል ሊሆን ይችላል። ደንበኛዬና ከሳሾች ግንኙነታቸው የቆየ ነው፤ በየቀኑ ይደውልላቸዋል።»

«አንቀጹ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል» አለች ጦጢት። «የትኛው ጽሑፍ ደረሳቸው?»

ዳኛው አንገታቸውን ከድንጋያቸው አውጥተው ወደ ቀበሮ ተመለከቱ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «በአማራጭ፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ የደወለው ደንበኛዬ አይደለም። ቁጥሩ በማን ስም እንደወጣ ይጣራ።»

ተጣራ። ቁጥሩ የወጣው በወይፈን ስም ነበር፤ ወይፈኑም ባለፈው ፋሲካ ቄራ ታርዷል። መጥሪያ አድራሹ ሄዶ ሲመለስ፣ «ሥጋው ተበልቷል፤ ቆዳው ፋብሪካ ገብቷል» ብሎ በመሐላ አረጋገጠ። ፍርድ ቤቱም ወይፈኑ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥሪ እንዲደረግለት አዝዞ፣ ለሌላ ቀን ቀጠረ።

በቀጠሮው መሐል አያ ጅቦ ለእማማ በጊት ደወለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የዚያን ሳምንት ዕቁብ ደርሷቸው ነበር።

«እማማ፣ አጭበርባሪ ጅቦች ስልክዎ ውስጥ ሊገቡ ነው። እኛ ልንቆልፍልዎ ነው። አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ስድስት ቁጥር ቶሎ ያንብቡልኝ!»

እማማ በጊት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ መነጽራቸውን ፈልገው፣ አንድ በአንድ አነበቡለት። «ተባረክ ልጄ» አሉትም። ዕቁቡ ሄደ። በዚያው ሌሊት አያ ጅቦ በእማማ ስም ለጎረቤት ሁሉ ጻፈ፦ «ታምሜአለሁ፣ ብር ላኩልኝ።» የላኩት ከሰሩ። ያልላኩት፣ ዳግመኛ ከእማማ የሚመጣውን ሁሉ እንዳያነሡ ልጆቻቸውን አስጠነቀቁ።

ሚያዝያ ማለቂያ ላይ እማማ በጊት እውነት ታመሙ። ካርድ አልነበራቸውም። ለእትዬ ዶሮ ሚስኮል አደረጉ፤ ለፍየል፣ ለድመት «ይደውሉልኝ» ላኩ። ለሁሉም ላኩ። እትዬ ዶሮ ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ ነበረች፤ ስልኩ ሲበራ አይታ በክንፏ ሸፈነችው። ግንቦት 1 ቀን ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ እማማ ሲቀሩ ነው ወጥተው በሩን የሰበሩት።

ከቀብር በኋላ ጋሽ አህያ የእማማን ስልክ በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘ። ጦጢት አየችው። ለማን እንደተደወለ፣ በስንት ሰዓት እንደተደወለ፣ ሁሉም ተጽፎበታል። የእማማ ስም ተሰርቆ ምን እንደተላከም አለበት። «ይህን ዳኛው ካዩ ይበቃል» አለች። የቀጠሮው ዕለት በር ላይ ልታገኘው ተስማሙ።

ጋሽ አህያ ማልዶ ደረሰ። የችሎቱ ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር በባለጉዳይ ተሞልቷል። አንዱ የማያውቀው ቁጥር ሲጮህበት ኪሱን አፍኖ ይይዛል፣ ሌላው ጆሮውን ጥሎ ግድግዳ ያያል። ጦጢት ባቡር ቆሞባት ሜክሲኮ ላይ ናት። የችሎቱ አስጣሪ በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ጋሽ አህያ!» ብሎ ተጣራ።

ጋሽ አህያ ጥርሱን ገጠመ።

«ከሳሽ ጋሽ አህያ አለ?»

ጎኑ የቆመች ወፍ አየችው። ጋሽ አህያ የእማማን ስልክ ደረቱ ላይ ጨብጦ መሬት መሬት አየ። ላቡ በግንባሩ ወረደ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ ጋሽ አህያ!»

አስጣሪው ጥቂት ጠበቀ፤ ወደ ውስጥም ገባ። ዳኛ ዔሊ መዝገቡን ስበው፣ ከሳሽ ተጠርቶ ባለመቅረቡ መዝገቡ ተዘግቷል ብለው በቀስታ ጻፉ፤ ማኅተሙም ተመታበት።