ዲሹን ወደ ላይ አዙሩልን

የባሌዋ ዲንሾ እንደ አገሩ ሁሉ ዲሿን ሁለት ጊዜ አዙራለች። መጀመሪያ ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት ሲመጣ ደግሞ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለችው ሳተላይት። ሁለቱንም ጊዜ «ምን ያደርግልናል?» ያለ ሰው አልሰማሁም። እኔ ሦስተኛውን ዙር፣ ማለትም ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ፣ ሳቀርብ ግን ጎረቤቱ ሁሉ የበጀት ኮሚቴ ሆነ።

ስለዚህ ጉዳዩን በሥርዓት ላስረዳ። ወደ ላይ የሚገኘው ጣቢያ የሃይድሮጅን ነው። ድግግሞሹ 1420.4 ሜጋ ኸርዝ፣ የሞገዱ ርዝመት 21 ሴንቲ ሜትር። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ የተበተነ አንድ የሃይድሮጅን አቶም ይህን ምልክት የሚልከው በአማካይ በ11 ሚሊዮን ዓመት አንዴ ነው። ቢሮ ሄደው «ነገ ተመለሱ» ሲባሉ የሚያማርሩ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ። አቶሙ አንድም ቀን አቤቱታ አላስገባም። ደግነቱ ባለጉዳዩ ከመብዛቱ የተነሣ በየሰከንዱ ተራው የሚደርሰው አይጠፋም።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ጣት የምታክል የዩኤስቢ ቴሌቪዥን መቀበያ አለች፤ ውስጧ አርቲኤል2832ዩ የሚባል ቺፕ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ እንደተደረሰበት፣ ይህች ዕቃ የሰማችውን እንዳለ ለኮምፒውተር ታቀብላለች፤ ቀድሞ በሽቦና በጥቅል ይሠራ የነበረውን የመለየት ሥራ ሶፍትዌር ይጨርሰዋል። ለቴሌቪዥን ተሠርታ ቴሌቪዥን ከማሳየት ነፃ የወጣች መሆኗ ለዓላማችን ክብር ይጨምራል። ከዲሹ ላይ ኤልኤንቢው ይነሣና ትልቁ የዱቄት ወተት ጣሳ ይታሰርበታል፤ የአፉ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ግድም መሆን አለበት። ትንሹ ጣሳ አይሆንም፤ ሞገዱ አፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ጣሳው ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይቆማል፣ ከሽቦው ሥር ማጉያ ይከተላል። ወተቱን ማን ይጠጣው የሚለው የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

«ለምን ዲንሾ?» ይሉኛል። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ ደመና ሲመጣ ግን ሥራ ይፈታሉ። የእኛ ሞገድ ደመናም ጉምም አይገደውም፤ የባሌ ክረምት ለዚህ ሥራ ከበጋው አያንስም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የቻርጀሩና የአምፖሉ ጫጫታ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የመብራት መጥፋት፣ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ፣ እንደ ምርምር መሠረተ ልማት እንዲመዘገብ አሳስባለሁ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆንን የፍኖተ ሐሊብ መሃል በደቡብ በኩል ከፍ ብሎ ያልፍልናል፤ ለንደን ላይ አድማሱን ሊነካ ምንም አይቀረው። በዚያ ላይ ከ1400 እስከ 1427 ሜጋ ኸርዝ ማንም እንዳያሰራጭ ዓለም አቀፍ ደንብ ይከለክላል። ማስታወቂያ የማይገባበት ሌላ ጣቢያ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ሥራው ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1951 ሃሮልድ ኢዌንና ኤድዋርድ ፐርሰል ሃርቫርድ ላይ ይህን ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙት በመስኮት ባወጡት፣ ከስስ ጣውላና ከመዳብ በተሠራ ቀንድ ነው። ሲዘንብ ቀንዱ ውሃውን ሰብስቦ ወደ ክፍሉ ያስገባው ነበር፤ ተማሪዎችም የበረዶ ኳስ ይወረውሩበት ነበር። ዲንሾ ላይ የሚያሰጋው ከአጠገባችን ካለው ፓርክ ወጥቶ የዲሹ ምሰሶ ላይ የሚታከክ ከርከሮ ብቻ ነው።

ውጤቱ? ላፕቶፑ ላይ በተዘረጋው መስመር መሃል አንዲት ትንሽ ጉብታ። ጉብታዋ ከ1420.4 ከፍ ካለች ጋዙ ወደኛ እየመጣ ነው፣ ዝቅ ካለች እየሸሸን፤ በየ4.7 ኪሎ ኸርዙ በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር። እንዲህ ሆኖ የሩቅ ጋዝ ፍጥነት ዲንሾ ቁጭ ተብሎ ይታወቃል። የሮቤው ሚኒባስ መቼ እንደሚነሣ የሚያሳይ መሣሪያ ገና አልተገኘም።

የዲሽ ሠራተኛው ተስማምቷል። መፍቻውን ይዞ ከጣሪያው ላይ፣ «ጋሼ፣ ሲግናሉ መምጣቱን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። «አሥር ደቂቃ ሳትነካው ትጠብቃለህ፤ ኮምፒውተሩ አማካዩን እየወሰደ ጉብታዋን ከጫጫታው ውስጥ ያወጣታል» አልኩት። ትንሽ አሰበና ሒሳቡን በዙር መሆኑ ቀርቶ በደቂቃ አደረገው።