የወደቀ ካልከሰሰ ያለፈው ይክሰስ?

ጋሼ ጡረታ የወጡ የቅጥር ኃላፊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ማመልከቻ ሲያገላብጡ ኖረው፣ አሁን ጋዜጣ ያገላብጣሉ። ከጋዜጣው ቀና አሉና፣ «እነዚህ ህንዶች ደግሞ ምን ሆኑ? ፈተና የወደቀ ሁሉ መንግሥት ይከሳል እንዴ?» አሉ።

«የወደቀ ካልከሰሰ ማን ይክሰስ ጋሼ? ያለፈው?»

«የወደቀ ሰው ሰበብ አያጣም።»

«እርስዎ ይሙቱ፣ እስኪ ሰበባቸውን ይስሙላቸው።»

ነገሩ የሆነው ኮልካታ መናገሻዋ በሆነች ምዕራብ ቤንጋል በምትባል የህንድ ግዛት ነው። በፈረንጆቹ 2016 የግዛቷ የትምህርት ቤቶች አገልግሎት ኮሚሽን መምህርና ድጋፍ ሰጪ ሠራተኛ ልቅጠር ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። 2.3 ሚሊዮን ያህል ሰው ተፈተነ። ክፍት የሥራ መደቡ 24,640 ነበር። የወጣው የቅጥር ደብዳቤ ግን 25,753 ሆነ።

«ታይፒስቷ ተሳስታ ይሆናል» አሉ ጋሼ።

«1,113 ጊዜ? ጣቷ አይደክማትም?»

ከተፈታኞቹ አንዷ በተጠባባቂዎች ዝርዝር 20ኛ ነበረች። አንድ ቀን ዝርዝሩን ብታየው 21ኛ ሆናለች። እሷ ምንም አላደረገችም፤ ከላይ፣ ከሁሉም አናት ላይ፣ አዲስ ስም በቅሎ ነው። የስሙ ባለቤት በ2018 ግዛቷን ይገዛ ወደነበረው ፓርቲ የተሻገሩትና በኋላ የትምህርት ሚኒስትር ዴኤታ የሆኑት የፓሬሽ አዲካሪ ልጅ ናት። ተጠባባቂዋ ያመጣችው 77፣ የሚኒስትሩ ልጅ ያመጣችው 61። ለቃለ መጠይቅም አልቀረበችም።

«የአባቷ ልጅ መሆኗ ወንጀል ነው?»

«ኧረ ወንጀልስ አይደለም። የአባት ስም ስንት ማርክ እንደሚይዝ ማስታወቂያው ላይ ስላልተጻፈ ነው እንጂ።»

«እኛን እኮ ሂሳብ ያስተማሩን ህንዶች ናቸው!» አሉ ጋሼ በኩራት። (እውነታቸውን ነው፤ በእሳቸው ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የገባ ሰው ህንዳዊ አስተማሪውን ሳያነሳ አያወጋም።)

«ታዲያ 61 ከ77 ይበልጣል ብለው ነው ያስተማሩዎት?»

ተጠባባቂዋ ከሰሰች። በግንቦት 2022 የኮልካታው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ አቢጂት ጋንጎፓዲያይ የሚኒስትሩን ልጅ ከሥራ አሰናበቱ። የበላችውንም ደመወዝ በሁለት ዙር እንድትመልስ አዘዙ፤ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ሩፒ በላይ ነው። ወንበሩም ገንዘቡም ለከሳሿ ተሰጠ።

ዓመት ሳይሞላ ሌላ የወደቀች ተፈታኝ መጣች። የመጀመሪያዋን ከሳሽ፣ የአሸናፊዋን፣ ማመልከቻ ብታየው የዲግሪ ውጤቷ ከ800 440 ነው፤ ቅጹ ላይ ግን 60 በመቶ ተብሎ ተሞልቷል። 440 ለ800 ሲካፈል 55 በመቶ ነው። በዚያች አምስት በመቶ ሁለት ማርክ ተጨምሮላታል። በግንቦት 2023 እሷም ወንበሩን አጣች፣ ገንዘቡንም መልሺ ተባለች።

ጋሼ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ይኸው! ከሳሽ የሚባለው ሁሉ እንዲህ ነው!»

«ይሁን ጋሼ፣ በሰፈረችው ቁና ተሰፈረችና። ግን ስህተቷን ያገኘው ማን ነው? የኮሚሽኑ ኦዲተር? ያቺን አንዲት ማካፈል እኮ ማመልከቻው ሲገባ፣ ማርክ ሲደመር፣ ዝርዝር ሲወጣ፣ የሹመት ደብዳቤ ሲፈረም ቢሮ ሙሉ ሰው አልፏታል። ያገኘቻት ከኪሷ ለጠበቃ የከፈለች ሥራ ፈላጊ ናት። ኮሚሽኑ ሊቀጥራት የሚገባው ያኔ ነበር፣ ለቁጥጥር ክፍል!»

ክሱ አንድ ሁለት እያለ በረከተ፤ ፖሊስም ገባበት። መርማሪዎቹ የመልስ ወረቀቶቹን ያረመው ድርጅት የቀድሞ ሠራተኛ ዘንድ ሀርድ ዲስኮች አገኙ። በሀርድ ዲስኮቹ ያለው ማርክና በኮሚሽኑ መዝገብ ያለው ማርክ አይተዋወቁም። አንድም ክብ ሳያጠቁር ባዶ ወረቀት ያስረከበ ሰው አልፏል። እንግዲያው ዋናውን ወረቀት አምጡ ሲባል ኮሚሽኑ አስወግጃለሁ አለ። ቅጂውስ? አልያዝኩም።

«እሱ እንኳ በመመሪያ ነው» አሉ ጋሼ፣ የሙያ ወኔያቸው መጥቶ። «መዝገብ ጊዜው ሲያልፍ ይወገዳል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ከነበሩበት ቢሮ በንጉሡ ዘመን የተጠጣ የሻይ ደረሰኝ አሁንም አለ አላሉኝም?»

«እሱስ አለ» አሉ፣ ሳቃቸውን በጋዜጣው እየሸፈኑ።

የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ፓርታ ቻተርጂም በሐምሌ 2022 ታሰሩ። የቅርብ ሰዋቸው ከነበረች ሴት አፓርታማዎች 500 ሚሊዮን ሩፒ የሚጠጋ ጥሬ ገንዘብ ተገኘና ለቆጠራ ማሽን መጣ። እሳቸው የእኔ አይደለም ይላሉ፤ ፍርድ ቤቱ ይወቀው። እኔ የማውቀው፣ የመልስ ወረቀቱን ለመቁጠር ማሽን አላስፈለገም።

ሚያዝያ 3 ቀን 2025 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጥሩን በሙሉ ሰረዘው። በካንሰር ለታመመች አንዲት መምህርት ብቻ በሰብአዊነት ሥራዋ ተተወላት። ከተባረሩት መካከል ክቡን በገዛ እጃቸው ያጠቆሩ፣ ለማንም ሳንቲም ያልሰጡ፣ በደመወዙ ልጅ የሚያሳድጉና የቤት ብድር የሚከፍሉ በሺህ የሚቆጠሩ መምህራን አሉ። ኮልካታ ጎዳና ላይ ወጥተው አለቀሱ። ኋላ ፍርድ ቤቱ ነውር ያልተገኘባቸው መምህራን እስከ ዓመቱ መጨረሻ እያስተማሩ እንዲቆዩና እንደገና እንዲፈተኑ ፈቀደ። ይህኛው ተረብ አይወጣለትም፤ ጋሼም እዚህ ላይ ድምፃቸው ተቀየረ።

«አየህ ልጄ፣ ክስ ያመጣው ጣጣ! ንጹሑን ከሌባው ጋር አጥቦ ወሰደው።»

«ንጹሑን ከሌባው የሚለየው ወረቀት ማን እጅ ነበር ጋሼ? ከሳሾቹ እጅ ነው ኮሚሽኑ እጅ?»

ጋዜጣውን ገለጡ። ስፖርት ነበር፤ አላነበቡትም፣ መልሰው ገለጡት።

«አሁንስ አለቀ?»

«የት አልቆ! በዚያው በ2025 መስከረም ላይ አዲስ ፈተና ሰጡ። በአዲሱ ደንብ ለቆየ መምህር የልምድ 10 ማርክ አለው ተባለ። አዲሶቹ ተወዳዳሪዎች ታዲያ ፈተናው ገና ወራት ሲቀሩት ፍርድ ቤት ሄደው ደንቡን ከሰሱት።»

«ገና ሳይፈተኑ?»

«ምን ያድርጉ ጋሼ፣ ወረቀቱ ሳይጠፋ ነዋ!»