በርጩማዬ ቀረች

55 ዓመት የሞላኝ ሳምንት ማመልከቻዬን ጻፍኩ። የመንግሥት ሠራተኛ የሚጦረው በ60 ነው፤ 25 ዓመት ያገለገለ ግን ከፈለገ 5 ዓመት ቀድሞ በፈቃዱ መውጣት ይችላል። እኔ ደግሞ ድፍን 30 ዓመት አገልግያለሁ። ሒሳቡን መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት እኔና የካርቶን ክዳኖቹ እናውቃለን፦ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25። ሲደመር የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዜ 55 በመቶ። ዕድሜዬም 55፣ አበሌም 55! ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«45ቱስ?» አለች።

«የእንቅልፌ ዋጋ ነው።»

ቀልዴን አልነበረም። እዚሁ ሶዶ፣ ስሙ ይቆየንና አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ንብረት ያዥ ነበርኩ። ንብረት ያዥ ማለት ሌላው የሚሰብረው ወንበር በስሙ የተመዘገበበት ሰው ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22፤ በመሀል የጠፋው የኔ ዕዳ። የሰኔውን መጨረሻማ አታንሱብኝ። ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የከረመ ግዢ ሁሉ በጀት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ይነቃል። ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ የዳሞታ ተራራ ጭጋጉን ተከናንቦ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አንድ አይሱዙ ሙሉ ወረቀት ግቢው ውስጥ ይገባል። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ገቢ ይሁንልን!» ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ እኔ ብቻ ስለማውቅ ካርቶኑን ስገፋ አመሻለሁ። ሌሊት ደግሞ በሕልሜ ኦዲተር ይመጣል፤ እርጥቡን ወረቀት አንድ በአንድ ይቆጥራል።

ስቀጠር፣ በ1987፣ የደብዳቤያችን ራስጌ «ሰሜን ኦሞ» ይል ነበር፤ ዋና ከተማችንም አርባ ምንጭ። በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በ2015 ነሐሴ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ማኅተሙ በተለወጠ ቁጥር አሮጌውን የተረከብኩት እኔ ነኝ። የመደርደሪያዬ ቁልፍ ግን ያው ነበር።

ማመልከቻዬ ተፈቀደ። ቀጥሎ ክሊራንስ መጣ። ፋይናንስ ፈረመ፣ የሰው ሀብት ፈረመ፣ መዝገብ ቤት እንኳ ሻይ ሳይጠጣ ፈረመ። የመጨረሻው መስመር «ንብረት ክፍል» ይላል። ንብረት ክፍል እኔ ነኝ! ለራሴ ልፈርም ብዕር ሳነሳ ኃላፊዬ እጄን ያዙኝ፤ «መጀመሪያ ቆጠራ» አሉ።

ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ቆጠረ። አንድም ነገር አልጎደለም። የተረፈ ግን ተገኘ፤ ያቺ በርጩማዬ። ከቤቴ ያመጣኋት፣ ሚስቴ ቡና ስታፈላ ትቀመጥባት የነበረች ባለሦስት እግር በርጩማ ናት። በንብረት ሕግ ደግሞ ትርፍ ከጉድለት አያንስም፤ ያስጠይቃል።

«የግሌ ናት» አልኩ።

«ስትገባ ተመዝግባለች?»

«የግሌን ምን ብዬ አስመዘግባለሁ?»

«እንግዲያው በምን ትወጣለች?»

ለ30 ዓመት ሰዉን ያንገላታሁበት ጥያቄ ነው፤ መልስ እንደሌለው ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በገዛ እጄ ሞዴል 19 ቆርጬ በርጩማዬን ለመንግሥት ገቢ አደረግኋት፤ ፊርማዬንም አገኘሁ።

የመጀመሪያው ሰኞ እስከ ሦስት ሰዓት ተኛሁ። ማክሰኞ ደግሞ በማለዳ የሰፈር ሰዎች በር አንኳኩ። እዚህ ወላይታ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በሬ ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ፤ ሴቶቹ የቅቤውን ለብቻ ይቆጥባሉ፣ የነሱ ሒሳብ ደግሞ ጎድሎ አያውቅም። የኛን ደብተር ይዞ የነበረው ሰው ታክቶታል።

«አንተ አሁን ሥራ የለህም» አሉኝ፣ ደብተሩን እጄ ላይ እያስቀመጡ። «ልምዱም አለህ።»

ገለጥ አደረግሁት። ድምሩ ከገንዘቡ ጋር አይገናኝም፤ አንድ ገጽ ላይ የዳጣ ጠብታ ደርቋል፤ ሁለት ሰው ከግንቦት ወዲህ አልከፈለም። ያን ሌሊት ኦዲተሩ በሕልሜ ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ በሬ እየጎተተ።

እንግዲህ የሰፈሬ ሰዎች፣ መስከረም ደርሷልና ያልከፈላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት እገኛለሁ። ስትመጡ መቀመጫችሁን ይዛችሁ ኑ።