ባለ ሦስት መቋሚያው ካህን

ለገና ዋዜማ ላሊበላ የደረሰ እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ ያነሳውን ፎቶ ሲነጋ ሲያገላብጥ የሚገጥመው ጉድ ነው፤ አንዱ ካህን ሦስት መቋሚያ ይዞ ቆሟል፣ ጧፉ እንደ እባብ ተጥመልምሏል፣ ዲያቆኑ ደግሞ ፊት የለውም። ያኔ ችሎት ይከፈታል። መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርዱ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች በታኅሣሥ ሌሊት እጅ ቢንቀጠቀጥ አይደንቅም። ቀጥሎ በክርኑ የገፋው ምእመን ይከሰሳል፣ በመጨረሻም ካሜራው። እኔ ግን ሦስቱንም በነፃ አሰናብቼ ጊዜን እከሳለሁ። እንዲህ ያለ ብዥታ ማለት የካሜራው መዝጊያ፣ ሹተሩ፣ ክፍት ሳለ የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ትቶት የሚያልፈው ዱካ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ እጅን ሐውልት ማድረግ ሳይሆን ያንን ጊዜ ማሳጠር ነው።

የቆየው የፎቶ አንሺዎች ልማድ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ በእጅ ሲነሳ ከ1/50 ሰከንድ አይዘግይ፣ በ200 ከሆነ ከ1/200 ይላል፤ አቅርቦ የሚያሳይ ሌንስ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላዋልና። እንግዲህ በጧፍ ብርሃን፣ ቀዳዳው ከኤፍ 3.5 በላይ በማይሰፋ ሌንስ፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነው አይኤስኦ 1600 ላይ ሆኖ ካሜራው 1/8 ሰከንድ ጠየቀ እንበል። በ1/8 ሰከንድ ጸናጽል የያዘ እጅ ስንት አገር ያቋርጣል! እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ቢገጠም፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋልና፣ አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ስለሚያስገባ ጊዜው ወደ 1/30 ያጥራል፤ አይኤስኦው 6400 ሲደረግ ደግሞ ወደ 1/125። ካህኑም ወደ አንድ መቋሚያው ይመለሳል።

«አይኤስኦው ከፍ ሲል ፎቶው ይሻክራል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ነገር ግን ጤፉን ኮምፒውተር ያበጥረዋል፤ የጠፋውን የዲያቆን ፊት አጣርቶ የሚያወጣ ወንፊት ግን ከወዴት ይመጣል? «የእኔ ካሜራ መንቀጥቀጥ ይከላከላል» የሚልም አይጠፋም። ይከላከላል፣ የባለቤቱን። ካህናቱን ዝም ብላችሁ ቁሙ አይልም፤ እነሱ የመጡት ሊያሸበሽቡ ነው። ትራይፖድም ከዚህ አያልፍም፤ በዚያ ላይ ለሁለት እግር እንኳ ቦታ በሌለበት ግቢ ሦስት ተጨማሪ እግር ይዞ መምጣት ድፍረት ነው። ፍላሽማ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ካህኑ ዘንድ ሳይደርስ ከፊት የቆመውን ምእመን ነጠላ አንቦግቡጎ፣ የጸሎተኛውን ዓይን አጥበርብሮ ይቀራል። የስልኩ የሌሊት አሠራር ደግሞ ብዙ ምስል አከታትሎ ወስዶ አንድ ያደርጋል፤ ለቆመ ዓለት ግሩም ነው፣ ለሚወዛወዝ ዘማሪ ግን መቋሚያ ማብዣ ሊሆን ይችላል።

እጅን ጨርሶ እንናቀው ማለቴ አይደለም። ክርንን ከጎን አጣብቆ፣ ትንፋሽን ቀስ ብሎ ለቅቆ፣ 800 ዓመት ገደማ ያልተነቃነቀ ዓለት ላይ ትከሻን አስደግፎ ሦስት አራት ጊዜ በተከታታይ ማንሳት ይጠቅማል፤ የመጀመሪያዋ ምስል ጣት ሲጫን ብትበላሽ ተከታይዋ ትተርፋለች። ከሁሉም የሚጥመኝ ግን ሽብሸባውን ማንበብ ነው። አካሉ ወደ አንድ ወገን አጋድሎ ሊመለስ ሲል ለቅጽበት ቀጥ ይላል፤ ያቺን የያዘ በ1/30ም ይሳካለታል።

ሲነጋ ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው የዓለት አፋፍ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ያሸበሽባሉ፣ ብርሃኑም ሞልቶ ይፈስሳል። እንግዳችን ቀዳዳውን ማጥበቡንም፣ አይኤስኦውን ከ6400 ማውረዱንም ረስቷል። ፎቶው ሁሉ እንደ ነጠላ ነጭ ሆኖ ሲወጣበት አዲስ ክስ ይከፍታል፤ ተከሳሽ፦ ፀሐይ።