መብራት ሲጠፋ የታየ ሰማይ

የታኅሣሥ መጀመሪያ ሰሞን ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ድርግም አለ። ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ የግቢው ሰው ሁሉ ጋቢውን እየደረበ ደጅ ወጣ። ሌላ የሚታይ ነገር ስላጣን ወደ ሰማይ አንጋጠጥን። ለካ እዚያው ነበር።

በምዕራብ በኩል አንዲት ደማቅ ብርሃን ቁልቁል ታየናለች። የአከራዬ ባለቤት፣ እትዬ፣ “ይቺ ኮከብ እንዴት ታምራለች!” አሉ። የዘጠነኛ ክፍሉ ልጃቸው አላስችል አለው።

“እማዬ፣ ኮከብ አይደለችም። ቬነስ ናት፣ ፕላኔት። ንጋት ላይ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ የአጥቢያ ኮከብ የምትያት ራሷ ናት።”

ገጿ ላይ ሙቀቱ ከ460 ዲግሪ ይበልጣል፤ እርሳስ ያቀልጣል። ደመናዋ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። በየሠርጉ ሙሽራዋን “የአጥቢያ ኮከብ መሰለች” እያልን ስናሞካሽ የኖርነው ይህን ሳናጣራ ነው።

ወዲያው አንዷ ብልጭ ብላ ሾለከች። እትዬ አማተቡ፤ “አንድ ትልቅ ሰው ሞተ” አሉ። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ፣ አየራችን ውስጥ በሩጫ ገብቶ የሚነድ ብናኝ ነው። በዚህ ሰሞን ደግሞ ጨለማ ቦታ ለተቀመጠ ሰው በሰዓት ከመቶ በላይ ሊታዩ ይችላሉ። በእትዬ ሂሳብ ከሄድን እስከ ገና አንድም ትልቅ ሰው አይተርፈንም። ጅራታም ኮከብም ኮከብነቱ በስም ብቻ ነው፤ ከአቧራ ጋር የተጋገረ በረዶ፣ ፀሐይ ሲጠጋ ጅራት የሚያበቅል። እውነተኛዋን ኮከብ፣ በየቀኑ ልብሳችንን የምታደርቅልንን ፀሐይን ግን፣ ኮከብ ብሎ የጠራት ሰው በሰፈራችን አልገጠመኝም።

አከራዬ ጋሼ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። ትምህርት ቤት በቃላቸው ያጠኑትን “ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ መሬት” ብለው ጀምረው በድል አድራጊነት ፕሉቶ ላይ ሲደርሱ ልጁ አቋረጣቸው።

“አባዬ፣ ፕሉቶ ወጥቷል።”

“ማን አስወጣው?”

“በ1998 ነሐሴ የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፕራግ ላይ ተሰብስበው፣ እጅ አውጥተው።”

“በሌለበት?” ጋሼ ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በ1930 ከተገኘ ጀምሮ ሰባ ስድስት ዓመት የኖረ ነባር ተከራይ! “ጥፋቱ ምንድን ነው?”

“ምህዋሩን አላጸዳም። ክብ መሆንና ፀሐይን መዞር ብቻ አይበቃም፤ ፕላኔት ለመባል አካባቢውን ከግብስብሱ ማጽዳት አለበት። እሱ ደግሞ በበረዷማ ቋጥኞች መሐል ነው የሚኖረው። አሁን ድንክ ፕላኔት ነው የሚባለው።”

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ዓይናቸውን ቀስ ብለው ከሰማይ አወረዱና እኔ ደጅ ላይ በተደረደሩት ሦስት ጀሪካኖችና እግሩ በተሰበረው ወንበር ላይ አሳረፉት።

“እንግዲያውስ ደግ አደረጉ” አሉ።

እኔ ወሬ ለማስቀየር ቡናው ደረሰ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ ግን ቡናንም ወደ ሰማይ ይዞት ወጣ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ ስም እንዲያወጣለት ሰጥቶ ነበር። የእኛ ስም በ2012 ታኅሣሥ ታወጀ፤ ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል። ቡና ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ግድም ይርቃል፤ ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ የተነሳው በዘመነ መሳፍንት ነው። ያለ አጉሊ መነጽር ግን አይታይም።

እትዬ ረከቦቱን እያስተካከሉ፣ “አቦል ብቻ? ቶናውና በረካውስ?” አሉ።

“እስካሁን አልተገኙም።”

“አቦሉስ አንዴ ለመዞር ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?”

“ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ።”

“ታዲያ በረካውን ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?”

የጎረቤት ልጆች “መጣ!” ብለው ጮኹ። ግቢው ቦግ አለ፤ ሰማዩ ጠፋ። ሁላችንም ተሽቀዳድመን ገባን፤ አቦሉን እንኳ አልጨረስንም።