ሬንጅ በሰኔ

አቦ፣ ይኼ ነገር እኮ ሰለቸን! በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ፣ ከሐረሩ ሐኪም ተራራ በላይ ደመናው መጥቆር ሲጀምር፣ ሬንጅ ቀቃዮች ከነበርሜላቸው ብቅ ይላሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር አስፋልቱ ደርቆ፣ ስንጥቁ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ዝር ያለ አልነበረም። አሁን ግን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ነው፤ ያልወጣ ብር ተመላሽ ይሆናላ! እናም ጉድጓዱ የትናንት ዝናብ እንዳቆረ ሬንጅና ጠጠር ይገለበጥበታል፣ በአካፋ ጀርባ ይደበደባል፣ ፎቶ ይነሣል። ሐምሌ ሳይጋመስ ጠጠሩ ተነቅሎ ዲች ውስጥ ተኝቷል።

ሥራው ደግሞ የተራቀቀ ቢሆን ባላማረርን። አስፋልት ማለት ሬንጅ የያዘው ጠጠር ነው። ፀሐይና አየር ሬንጁን ያደርቁታል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይሰርጋል፣ ውኃው ከሥር ያለውን ገረጋንቲ ያላላዋል። ከዚያ ጫት የጫነ አይሱዙ እየከነፈ ሲያልፍበት፣ በቃ፣ ጉድጓድ ተወለደ። መላው ስንጥቁ ገና ቀጭን ሳለ በበጋ ጠርጎ፣ አቧራውን አራግፎ፣ መድረቁን አይቶ ትኩስ ሬንጅ ማፍሰስና አሸዋ መበተን ነው። በየጥቂት ዓመቱ ደግሞ ፊቱን በስሱ መቀባት። እርጥብ ላይ የፈሰሰ ሬንጅ እንደማይዝ ቀቃዮቹም አያጡትም፤ አዛዡን ግን ማን ይናገረው?

የዋናው መንገድ ጣጣ ወደ ደጃፋችንም ዘልቋል። ከጀጎል ግንብ ውጭ ግቢያችን ወይ ሊሾ ነው ወይ ኮብልስቶን፤ አስፋልት ያነጠፈ ብርቅ ነው። ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ብረት በሩ ያለችውን ቁራጭ ግን ሠፈሩ እያዋጣ በሬንጅ የሚያሠራበት ጊዜ አለ። ቁራጯ የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልተፈታም። ይታደስልን ስንል «ከጠርዙ ወዲህ የግል ነው» እንባላለን። ራሳችን ልናድሳት አሸዋ ስናራግፍ «ማን ፈቀደላችሁ?» የሚል ይደርሳል።

መካሪም ሞልቷል። አንዱ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥታችሁ ቀቡት፣ እንደ አዲስ ይጠቁራል ይላል። መጥቆሩስ ይጠቁራል። ግን ዘይትም ሬንጅም የአንድ ነዳጅ ልጆች ናቸውና ዘይቱ ሬንጁን ያሟሟዋል፤ ለዚህ ማስረጃ የፈለገ ባጃጆች ቆመው ዘይት የሚያንጠባጥቡበትን ጥግ በጫማው ጫፍ ይሞክረው።

ደግሞ ቆፋሪው አለ። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ (ዛሬ መለስ ቢልም) ውኃ በድሬዳዋ በኩል ተገፍቶ፣ ዳገት ወጥቶ ነው የሚደርሰን፤ ቧንቧ ሊቀበር ሲመጣ እንግዲህ ማን ይከለክላል? ይቆፈር! ጄሪካን ተሸክሞ የኖረ ሰው ለአስፋልት አያለቅስም። የሚያናድደው አመላለሱ ነው። የወጣው አፈር ሳይጠቀጠቅ ተመልሶ ይከመርበታል፣ ላዩን የሚዘጋው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው ተብሎ ይኬዳል። ያ ሌላው ደግሞ ቆፋሪው ራሱ ይዝጋ ይላል። ክረምቱ ሁለቱንም ሳይጠብቅ ይገባል።

ግንቡ ውስጥ ያሉት ወገኖቻችን ተሻሉ እንዳንል፣ እነሱም እሮሮ አላቸው። የጀጎል መተላለፊያዎች በአብዛኛው ድንጋይ ናቸው፤ ድንጋይ ደግሞ ተነቅሎ ይመለሳል፣ በርሜልም እሳትም አይጠይቅም። በእኔ ግምት ለዚህች ከተማ ከአስፋልት ይልቅ እሱ ነው የሚስማማት። ግን ከሥሩ አሸዋ ሳይደላደል ስለሚወረወር አንዱ ጫፉ ቀና፣ ሌላው ዘቅዘቅ ብሎ የእናቶችን ቁርጭምጭሚት ይጠብቃል። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበን ግንቡንና ቤቱን ብቻ መዝግቦ መንገዱን የተወው ይመስል!

ይኼ ሕዝብ እኮ መጠገን የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። እስቲ የሐረሪ ቤት ግቡና እዩ፤ መደቡ በቀይ አፈር፣ ግድግዳው በኖራ፣ ሠርግ ወይም በዓል በመጣ ቁጥር ይታደሳል። እስኪፈርስ የሚጠብቅ የለም። ከደጃፍ አንድ እርምጃ ሲወጣ ግን ነገሩ የመንግሥት ይሆንና መንግሥትም ሰኔን ይጠብቃል።

ገንዘብ የለም እንዳይሉን፣ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም ለጥገና ተብሎ ነው፤ ከምንቀዳው ነዳጅ ላይ ለዚሁ ይቆረጣል። ከሸዋ በር አራተኛ ሠፈር የሚመላለሰው ባለባጃጅ ጉድጓዱን ሲዞር ለሚያቃጥለው ትርፍ ቤንዚን እንኳ የጉድጓዱን መድፈኛ እየከፈለ ነው።

ስለዚህ እናንተ በጀት የያዛችሁ ሰዎች፣ አዲስ መንገድ አልጠየቅንም፤ ሪባን ለመቁረጥም አትድከሙ። ግዢውን ቀደም አድርጋችሁ ጨርሱና አንድ በርሜል ሬንጅ በጥቅምት አምጡልን። መጥረጊያውንና አሸዋውን ሠፈሩ ያቀርባል።