ሳይደፈርስ አይጠራም

አሜሪካ ዘመድ ቤት የሚሄድ ሰው እንግድነቱ የሚቆየው ሻንጣው እስኪከፈት ድረስ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደረ በኋላ «እስኪ ና ይቺን ያዝልኝ» ይጀመራል። በግንቦት ወር ዳላስ አጠገብ ያለችው ጋርላንድ የሄድኩት የአጎቴ ልጅ የበኩር ልጁን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላስመረቀ ነበር። ዘመድ ተጠርቷል፣ ድንኳን ተከራይቷል፣ ዶሮው ተገዝቷል። እኔ ግን በማግስቱ መዋኛ ገንዳ ዳር ተንበርክኬ፣ ክንዴን እስከ ብብቴ ውሃ ውስጥ ከትቼ ቅጠል እለቅም ነበር።

ይህን ገንዳ አዲስ አበባ ሆነን በቤተሰቡ ቴሌግራም እናውቀዋለን። በፎቶ ሰማያዊ ነው። በአካል ስንገናኝ አጥሚት መስሎ ጠበቀኝ። 60,000 ሊትር ያህል አጥሚት። ደረጃው አንድ እርከን ይታያል፤ ከዚያ በታች ያለው ነገር በእምነት የሚታለፍ ነው።

የአጎቴ ልጅ አልደነገጠም። «ሳይደፈርስ አይጠራም ይባል የለ?» አለ። ባለቤቱ «መደፈረሱን አይተናል፤ ሁለተኛውን አሳየን» አለችው። ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናትና ቀልዷ እዚያ ላይ አበቃ። «ቅዳሜ ጥልቁ ጋ ያለው የፍሳሽ ክዳን ከዳር ቆሜ ካልታየኝ አንድ ልጅ እግሩን አያነክርም።» ልክ ናት። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ልጅ ከዳር ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው አይታይም፤ ይህን ደንብ የትኛውም የገንዳ ጠባቂ ያውቀዋል።

ከዚያ ምክር ዘነበ። ወንበር ሊያደርስ የመጣው፣ ሽንኩርት ልትከትፍ የመጣችው፣ በዚያ ያለፈ ሁሉ ገንዳው ዳር ቆሞ አገጩን ይዞ መድኃኒት ያዝዛል። አንዱ «በረኪና ድፋበት» አለ። አንዷ «ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፍ ማን አለህ?» ብላ ነገሩን ወደ ዓይን ወሰደችው። የአርባ ምንጭ ተወላጅ የሆነ ጓደኛው ደግሞ የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ ይነስነስ አለ። ሁሉም ሳቁበት፤ እኔ ግን ከምክሮቹ ሁሉ ያከበርኩት የእሱን ነው። በሽፈራው ፍሬ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በውሃ ውስጥ የተንሳፈፈውን ደቃቅ ቆሻሻ እርስ በርሱ አያይዞ ወደ ታች ያወርደዋል፤ የከተማ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች በአሉም የሚሠሩት ሥራም ይኸው ነው። ችግሩ የወረደውን ሁሉ ከወለሉ ላይ መጥጦ ወደ ውጭ የሚደፋ ሰው ያስፈልጋል። ያን ጊዜ መካሪው ሁሉ ሽንኩርቱን አስታወሰ።

የአጎቴ ልጅ በዱቄት ክሎሪን ያምናል። በባልዲ በጥብጦ ደፋ፤ ዱቄቱ ካልሲየም አለበትና ውሃው ይብሱን ነጣ። ሽታው አፍንጫ ሲሰረስር «ይኸው፣ ክሎሪን ሞልቷል» አለ። ባለቤቱ ግን ያ ሽታ የክሎሪን መትረፍረፍ ሳይሆን ከላብና ከሽንት ጋር ተጣብቆ አቅሙን የጨረሰ ክሎሪን ሽታ መሆኑን አስረዳች። ሽንት የሚለው ቃል እንደተነሳ ሁላችንም ዞረን ልጆቹን አየን። ልጆቹም እርስ በርስ ተያዩ።

ማጽናኛ ፍለጋ እስከ ብራዚል ተሄደ። «እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የጠላቂዎቹ ገንዳ አረንጓዴ ሆኖ ዓለም አይቶት የለም?» አለ የአጎቴ ልጅ። እውነት ነው፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተጨምሮበት ክሎሪኑን ስላከሸፈው ነበር። «ሪዮ ላይ ግን የእኔ እናት ተቀምጣ አታይም ነበር» አለች ሚስት።

እማማ በእርግጥ እያዩ ነበር። የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ከአገር ቤት መጥተው የከረሙ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ጥላው ሥር ተቀምጠው፣ ወንዶች በውሃ ሲሸነፉ በትዕግሥት ይመለከታሉ።

በአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ፣ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ማጣሪያህን ወደ ኋላ እጠበው።» የእሳቸው ማጣሪያ የአሸዋ ነው። ውሃው ከላይ ገብቶ በአሸዋው መሐል ያልፋል፣ ቆሻሻው አሸዋው ላይ ይቀራል፤ ሲሞላ እጀታ አዙረው ውሃውን ከታች ወደ ላይ ይሰዱትና ቆሻሻውን ወደ ፍሳሽ ያስወጡታል። ምክሩ ግሩም ነው። እጀታውን መፈለግ ጀመርን። በደረታችን ተኛን፣ ቧንቧ ለቧንቧ ሄድን፣ በእጅ ስልክ መብራት አበራን። በመጨረሻ ከአጥሩ ሥር አንድ እጀታ ተገኘና የአጎቴ ልጅ በስመአብ ብሎ አዞረው። የሣር ማጠጫው ተነሣና የተደረደረውን ወንበር፣ የተነጠፈውን ምንጣፍና ጎረቤትየውን አጠበ።

ባለቤቱ መጥታ በጋኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበች። የእኛ ማጣሪያ የካርትሪጅ ነው። ወደ ኋላ የሚታጠብበት እጀታ ቀድሞውንም አልተሠራለትም፤ ተከፍቶ፣ ወጥቶ፣ በእጅ ነው የሚታጠበው። (ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ በቅሪተ አካል ዱቄት የሚያጣራ። ዱቄቱ ዳያቶም የሚባሉ ደቃቅ የውሃ አልጌዎች ቅርፊት ነው፤ በእኛ ስምጥ ሸለቆ፣ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ፣ የዚህ ዓይነት አፈር አለ። ይህን ለጎረቤትየው ልነግራቸው ነበር፤ ግን ገና እየደረቁ ነበር።)

ከሁሉ የሚያስቀው፣ ጋኑ አናት ላይ የተቀመጠው ክብ የግፊት መለኪያ ይህን ሁሉ ጊዜ እውነቱን ሲናገር ነበር። ካርትሪጁ ንጹሕ ሳለ መርፌው 12 ላይ እንደሚቆም የአጎቴ ልጅ ራሱ በፕላስተር ላይ ጽፎ ለጥፎበታል። አሁን 26 ላይ ቆሟል። ከንጹሑ ቁጥር ከ8 እስከ 10 ከፍ ካለ ማጣሪያው ታፍኗል ማለት ነው። ወደ ገንዳው የሚመለሰውን ውሃ በእጄ ብሞክረው ሲያቃስት ተሰማኝ። ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሃው አይዞርም፤ ውሃው ካልዞረ ደግሞ የትኛውም መድኃኒት በተደፋበት ይቀራል።

ፓምፑ ጠፋ፤ የአየር መተንፈሻው ተከፍቶ መርፌው ዜሮ እስኪገባ ተጠበቀ። ግፊት ይዞ የተከፈተ ክዳን ሰው ሊገድል ስለሚችል ነርሷ እጇን አጣምራ ቆማ አስፈጸመች። ካርትሪጁ ወጣ፦ ጥቅጥቅ ብሎ የታጠፈ የፖሊስተር ጨርቅ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሄደ። በጎማ ውሃ ብንለቅበት ውሃው ጠብታ እየሠራ ተንከባሎ ወረደ። ጨርቁ ውሃ እምቢ አለ። አንዱ አሸተተና «አልጌ ነው» አለ። ሌላው «የፀሐይ ክሬም ነው።» የአጎቴ ልጅ አሲድ ያለበትን ጠርሙስ አነሣ።

እማማ ያን ጊዜ ተነሡ። ቀስ ብለው መጡና ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ በሁለት ጣታቸው አሻሹት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«አደስ አለው» አሉ። «ቅቤ እኮ ነው። የእኔው ቅቤ ነው።»

ነገሩ ወዲያው ግልጽ ሆነ። ክሎሪኑ የልጆቹን ፀጉር ስላደረቀው እማማ አዝነው፣ ከሱፐርማርኬት ጨው የሌለው ቅቤ እያስገዙ («ለጋ አይሉት በሳል፣ የፈረንጅ ቅቤ»)፣ በአደስ እያሸቱ አናታቸውን ይቀቧቸው ነበር። ልጆቹ ተቀብተው ይዋኛሉ። ቅቤው ካርትሪጁን ይዘጋል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ አባት ክሎሪን ይጨምራል፣ ፀጉር ይብስ ይደርቃል፣ አያት ቅቤ ይጨምራሉ። ሁለቱም ወገን ለልጆቹ ብሎ ነው፤ ሁለቱም መጠኑን በየሳምንቱ ከፍ ያደርጉ ነበር።

«ታዲያ ቅባት በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል?» አሉ እማማ ጎማውን በንቀት እያዩ። «ድስት አጥባችሁ አታውቁም?» ባለቤቱ ሳቀች፤ እኛ ወንዶቹ ወደ አጥሩ አየን። አሲዱም ተመልሶ ተቀመጠ፤ ቅባቱ ሳይወጣ አሲድ ከቀደመ ቅባቱን ከጨርቁ ጋር ያጋባዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ለብ ባለ ውሃ የሳህን ማጠቢያ ማሽን ሳሙና ተበጠበጠና ካርትሪጁ ሲነከር ያድር ተባለ። በምን ዕቃ? የሚበቃው በርሜል አንድ ነበር፤ ጠላው የተጠመቀበት። የአጎቴ ልጅ ሐሳቡን ከአፉ ሳይጨርሰው እናትና ልጅ በአንድ ቃል ስላስቆሙት ሮጦ አዲስ የቆሻሻ መጣያ ገዝቶ መጣ።

ጠዋት ካርትሪጁ ከላይ ወደ ታች፣ እጥፋት ለእጥፋት ታጠበ። ውሃው አሁን ጨርቁ ውስጥ ገባ። ተመልሶ ሲገጠም መርፌው 13 ላይ ቆመ፤ ከመመለሻው የሚወጣው ውሃ እጄን ገፋው። ክሎሪን በልክ፣ ፀሐይ እንዳታቃጥለው ማታ ማታ ተጨመረ፤ ፓምፑ ቀንና ሌሊት ሠራ። መጀመሪያ ደረጃው ታየ። ቀጥሎ ወለሉ ላይ አንድ ነጠላ ጫማ፣ አንድ የወጥ ማንኪያ፣ የአጎቴ ልጅ ከድንኳን ተካዮቹ አንዱን ጠርጥሮበት የነበረው የፀሐይ መነጽር ተገለጡ። በመጨረሻ የፍሳሹ ክዳን ከነብሎኑ። ነርሷ ከዳር ቆማ አየችና ምንም ሳትናገር ወደ ዶሮዋ ተመለሰች።

ቅዳሜ ዕለት እማማ ገንዳው መግቢያ ላይ ወንበር አስቀምጠው ተሰየሙ። ሻምፑ በእጃቸው ነው። የሚገባውን ልጅ ሁሉ አናቱን እየዳሰሱ፣ ጣታቸው ላይ ቅባት ከቀረ ወደ ሻወር ይመልሱታል፤ የማያውቁትን የሰው ልጅም ቢሆን። ቅቤ መቀባት ወደ እሑድ ማታ ተዛወረ። ትልልቆቹ እንግዶች ግን አንዳቸውም አልዋኙም፤ የሐበሻ ቀሚስና ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሳህን ይዘው፣ በውሃው ጥራት ዙሪያ አስተያየት ሰጡ።

ጎረቤትየውም ተጋብዘው መጡ። በዶሮው እያላባቸው ችግሩ ምን እንደነበር ጠየቁ። የአጎቴ ልጅ አማቱን አየ። አማቱ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ፊት ግን ያነባሉ።

«የፀሐይ ክሬም ነው» አለ።

ሽማግሌው እንቁላላቸውን በእንጀራ እያሳደዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወደ ኋላ እጠበው ብዬህ ነበር እኮ» አሉት።